ይጠይቁ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች የተዘረጋው ድጋፍ የት ይጀምራል፣ የት ያቆማል?

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ቅሬታ ይጋራሉ፦ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ድጋፍ አለ ይባላል፣ ቢሮው ድረስ ሲሄዱ ግን አይገኝም። አንዳንዴ ምክንያቱ ጠያቂው ተገቢውን ማስረጃ ይዞ አለመቅረቡ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጉድለቱ የፖሊሲው ራሱ ነው፤ ያንን የማንም ማስረጃ አያስተካክለውም። ሁለቱን እየለየን መልሰናል።

አምስት ጓደኛሞች ነን። ባሕር ዳር ውስጥ በእንጨት ሥራ ልንደራጅ ነው። አንዳንዱ ሽርክና ይበቃችኋል ይለናል፤ ሌላው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ ይለናል። የትኛው ይሻላል?

ልዩነቱ የሚታየው ዕዳ የመጣ ዕለት ነው። በኅብረት ሽርክና እያንዳንዱ አባል ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትም በተናጠልም ተጠያቂ ነው። ማኅበሩ መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ከአምስታችሁ መካከል ቤት ወይም ሌላ ንብረት ያለውን መርጦ ሙሉውን ሊጠይቀው ይችላል። በግል ማኅበር ግን ተጠያቂነታችሁ ባዋጣችሁት መጠን ያበቃል። ዝቅተኛው ካፒታል 15 ሺህ ብር ነው፤ የአባላቱም ቁጥር ከ2 እስከ 50 ነው።

ብዙዎች ሽርክናን የሚመርጡት የግል ማኅበር መዝገብ ያስይዛል፣ ግብሩም ይከብዳል ስለሚባሉ ነው። ይህ ምክር የተሳሳተ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሽርክናንም ኩባንያንም እኩል «ድርጅት» ብሎ ያያቸዋል። ድርጅት የሆነ ሁሉ ሽያጩ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፦ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ዓመቱን ሰኔ 30 ከዘጋ እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል፣ ከትርፉም 30 በመቶ ይከፍላል። ቀለል ያለ የአነስተኛ ግብር ከፋይ ሥርዓት የሚያገኘው በግሉ የሚነግድ ግለሰብ ብቻ ነው። ሸክሙ ያው ከሆነ ጥበቃ ያለውን መያዝ ይሻላል ባዮች ነን። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ አበዳሪው አባላቱን በግል ዋስ አድርጎ ካስፈረማችሁ፣ ለዚያ ብድር ጥበቃው የለም። ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የዋስትና ውሉን ለብቻ አንብቡት።

ሦስተኛም መንገድ አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ባለቤቱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በቦታው የሚተካ ሰው አስቀድሞ መሰየም አለበት። ሥራውን በእርግጥ የሚመራው ከመካከላችሁ አንዱ ከሆነ፣ እሱ ባለቤት ሆኖ ሌሎቻችሁ በደመወዝ መሥራታችሁ ወዳጅነታችሁንም ሊያተርፍ ይችላል።

ማኅበር ከሆናችሁ ቡድን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበያው አይደለም፤ እኩል ድርሻና እኩል ያልሆነ ድካም ነው። በመተዳደሪያ ደንባችሁ የሥራ ደመወዝንና የትርፍ ድርሻን ለዩ፤ የሠራ ደመወዙን በየወሩ ይውሰድ፣ ትርፍ በዓመቱ መጨረሻ በድርሻ ይከፋፈል። አንድ አባል ሲወጣ ድርሻው እንዴት እንደሚተመንና በስንት ወር ተከፋፍሎ እንደሚከፈለው ዛሬ ጻፉት። 12 ወር ማድረግ የሥራ ማስኬጃውን ገንዘብ በአንድ ቀን ከመመናመን ያድናል። ባንክ ላይ ሁለት ፊርማ ይሁን። በቡድን ዋስትና ብድር ከወሰዳችሁ ደግሞ የወጣው ሰው ዕዳ የቀሩት ላይ እንደሚወድቅ አትርሱ።

ሐዋሳ ውስጥ ዳቦ ቤት አለኝ። ሁለት ምድጃና አንድ ማቡኪያ ማሽን የራሴ ናቸው፤ ቤቱ ግን የኪራይ ነው። የሚጠይቁኝ የቤት ካርታ ነው። ማሽኖቹን ማስያዝ አይቻልም?

ይቻላል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽንን፣ በመጋዘን ያለ ሸቀጥን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብን፣ ከብትን፣ ሰብልን፣ የገበሬውን በመሬት የመጠቀም መብትን ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። ማሽኑን ለባንክ አያስረክቡም፤ እየሠሩበት ይቆያሉ። ዋስትናው በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል። አንድ ንብረት ለሁለት አበዳሪ ቢያዝ የሚቀድመው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው።

ሕጉ እያለ ካርታ የሚጠየቀው ለምን እንደሆነ ማወቅ ለድርድር ይረዳል። የቤት ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል፣ የማሽን ይቀንሳል። ቤት ለመሸጥ ገዥ አይጠፋም፤ ያገለገለ ምድጃ ገዥው ጥቂት ነው፣ ዋጋውን በልበ ሙሉነት የሚተምን ባለሙያም አይበዛም። ስለዚህ የብድር ሠራተኛውን ሥራ እርስዎ አቅልለው ይቅረቡ። የግዢ ደረሰኝ (ከውጭ የገባ ከሆነ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን)፣ በማሽኑ አካል ላይ የተለጠፈው መለያ ቁጥር ፎቶግራፍ፣ የእሳት መድን ውል፣ ቢያንስ የ12 ወር የሽያጭና የወጪ መዝገብ ይያዙ። ደረሰኝ የሌለው ማሽን የእርስዎ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ለሆቴል ወይም ለተቋም በውል ዳቦ የሚያቀርቡ ከሆነ ከምድጃው የበለጠ መያዣ በእጅዎ ሊኖር ይችላል፤ ገና ያልተከፈለዎት ሒሳብ ማለታችን ነው። ውሉንና የተረከቡበትን ሰነድ ይዘው ይሂዱ። አንድ ባንክ እምቢ ቢል ወደ ሌላው ይለፉ። ከክልል የብድርና ቁጠባ ተቋማት ወደ ባንክ ያደጉት፣ እንደ ኦሞ፣ ሲንቄና ፀደይ ያሉት፣ አነስተኛ ተበዳሪን ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ብድሩ ማሽኑ የተገዛበትን ዋጋ ያህላል ብለው ግን አያቅዱ።

ያገለገለ ማሽን የሚገዙ አንባቢዎችም ልብ ይበሉ፦ የተመዘገበ ዋስትና ማሽኑን ተከትሎ ይሄዳል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በመዝገቡ ላይ አስፈልጉ።

ደብረ ብርሃን በብረታ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። ማሽን በሊዝ መውሰድ ከብድር ይሻላል?

ማስያዣ ለሌለው ሰው አዎ። በሊዝ ፋይናንስ አቅራቢው ማሽኑን ገዝቶ ያከራይዎታል፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትናው ነው። የመጨረሻው ኪራይ ሲከፈል ባለቤትነቱ ወደ እርስዎ ይዞራል። ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ ሌላ ዋልያ፣ አዲስ፣ ኦሮሚያና ደቡብን የመሳሰሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ኩባንያዎች በዚሁ ሥራ ላይ ናቸው። የተለመደው መዋጮ 20 በመቶ ነው፦ ለ1 ሚሊዮን ብር ማሽን 200 ሺውን እርስዎ ያቀርባሉ።

የሚበላሸው ማሽኑ ከደረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ መብራት። የብየዳና የማጠፊያ ማሽን ሦስት ፌዝ ኃይል ይጠይቃል። ቆጣሪው ሳይገባ ማሽኑ ከደረሰ፣ ማሽኑ ሳይሠራ የእፎይታው ጊዜ ያልቃል፣ ኪራይም መቁጠር ይጀምራል። የኃይል ጥያቄውን ከሊዝ ማመልከቻው በፊት ያስገቡ፤ የቦታው ትራንስፎርመር ተጨማሪ ጭነት ይችል እንደሆነም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለተኛው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ነው። የሊዝ አቅራቢው ማሽን ይገዛል እንጂ ብረት አይገዛም። ስንት ያስፈልግዎታል? ብረት ገዝተው ሥራ ላይ እስኪውል 20 ቀን፣ ሠርተው እስኪያስረክቡ 10 ቀን፣ ደንበኛ እስኪከፍል 30 ቀን ከወሰደ ገንዘብዎ 60 ቀን ታስሮ ይቆያል። ብረት ሻጩ የ15 ቀን ዱቤ ከሰጠዎት 45 ይሆናል። የቀን ወጪዎ በአማካይ 4 ሺህ ብር ቢሆን 180 ሺህ ብር ከማሽኑ መዋጮ ሌላ በእጅዎ መኖር አለበት ማለት ነው። ይህን ያላሰበ ሰው ትልቅ ማሽን ይዞ በብረት እጦት ይቆማል። የመንግሥት ድጋፍ ትልቁ ክፍተትም ይኸው ነው ብለን እናምናለን፦ ለማሽን በር ተከፍቷል፣ ማሽኑን ለሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ግን በሩ ጠባብ ነው። ማሽን የሚያከራየው ተቋም ከአንድ የባንክ የሥራ ማስኬጃ ብድር ጋር አጣምሮ ቢያጸድቅ የብዙ ሰው ልፋት በከንቱ አይቀርም።

ደሴ ላይ 100 ሺህ ብር በ15 በመቶ ወለድ ለ2 ዓመት ልበደር ነው። ጓደኛዬ በዚያው 15 በመቶ ተበድሮ ከኔ ያነሰ ይከፍላል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

አሰላሉ ስለሚለያይ ነው። የእርስዎ ወለድ በመነሻው ብድር ላይ ከተሰላ በየዓመቱ 15 ሺህ፣ በድምሩ 30 ሺህ ብር ነው፤ በየወሩ 5 ሺህ 417 ብር ይከፍላሉ። በቀሪው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን ወርኃዊ ክፍያው 4 ሺህ 849 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱ ወደ 16 ሺህ 400 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው አሰላል በቀሪ ዕዳ ሲመነዘር 26.6 በመቶ ገደማ ወለድ ማለት ነው። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ የ24 ወሩን የክፍያ ሰንጠረዥም ከፊርማ በፊት ይውሰዱ። ቅድመ ቁጠባ ከተጠየቁ ያንንም ይደምሩት፤ 20 ሺህ ብር ታግዶ 100 ሺህ ከተበደሩ በእጅዎ የገባው አዲስ ገንዘብ 80 ሺህ ነው።

አዲስ አበባ የሳሙናና የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ነኝ። ሽያጬ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያስመዘግበው ደረጃ ላይ እየደረሰ ነው። ባልመዘገብ ይሻለኛል?

የእርስዎ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት የ12 ወር ሽያጭዎ 2 ሚሊዮን ብር ካለፈ መመዝገብ ግዴታ ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሸጡ ከሆነ በቀን 6 ሺህ 667 ብር ማለት ነው፤ ደህና ቦታ ላይ ያለ ሱቅ ይህን ያልፋል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግም ግለሰብ ነጋዴን የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሚያደርገው በዚሁ 2 ሚሊዮን ብር ላይ ነው። አንዱን መስመር ሲሻገሩ ሁለቱም ይመጣሉ።

ነጋዴን የሚጎዳው ምዝገባው ሳይሆን ያለ ዝግጅት መመዝገቡ ነው። በ1 ሚሊዮን ብር ገዝተው በ1.2 ሚሊዮን ይሸጡ ነበር እንበል፤ ልዩነቱ 200 ሺህ ነው። ተመዝግበው ገበያው ዋጋ መጨመር ባይፈቅድልዎት፣ በ1.2 ሚሊዮኑ ውስጥ ያለው ታክስ (ከ115ቱ 15) 156 ሺህ 522 ብር ነው። ዕቃውን ያለ ታክስ ደረሰኝ ከገዙት ሙሉውን ከኪስዎ ከፍለው 43 ሺህ 478 ብር ብቻ ይቀርዎታል። ያው 1 ሚሊዮን የተከፈለው ለተመዘገበ ሻጭና በሕጋዊ ደረሰኝ ከሆነ ግን በግዢ ላይ የከፈሉት 130 ሺህ 435 ብር ይቀነስልዎታል፤ ለመንግሥት የሚያስገቡት 26 ሺህ 87 ብር ይሆናል፣ ለእርስዎ 173 ሺህ 913 ብር ይቀራል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ ከስድስት ወር በፊት አቅራቢዎን ይቀይሩ፤ ደረሰኝ የማይሰጥ አከፋፋይ ርካሽ የሚመስለው እስከዚያች ቀን ድረስ ነው።

ብዙዎች የሚያደርጉት ሱቁን በወንድም ወይም በባለቤት ስም ለሁለት መክፈል ነው። ሕገ ወጥነቱ ሳይረሳ፣ ዋናው ጉዳቱ ለራስ ነው፦ ለሁለት የተከፈለ ሽያጭ ለብድርም ለጨረታም ትልቅ ሆኖ አይታይም። ፖሊሲ አውጪዎችም ሊያስቡበት ይገባል። አንዲት ብር መሻገር ይህን ሁሉ ግዴታ በአንድ ቀን ሲያመጣ ነጋዴው ከመስመሩ በታች ለመቆየት ይደክማል፤ በብር የተወሰነ ጣሪያ ደግሞ በዋጋ ንረት ምክንያት ምንም ያላደገውን ሱቅ ሳይቀር ያሻግረዋል። ጣሪያው በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ቢስተካከል፣ ለአዲስ ተመዝጋቢም የመጀመሪያው ዓመት ቅጣት የሌለበት የመለማመጃ ጊዜ ቢሆን መንግሥት ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

አዳማ የትምህርት ቤት ወንበርና ጠረጴዛ እንሠራለን። የመንግሥት ጨረታ ላይ ትልልቆቹን ማሸነፍ አልቻልንም። የተለየ አስተያየት አለ ሲባል ሰምተናል።

አለ፣ ግን ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። ለዓመታት በተሠራበት የፌዴራል ግዢ አሠራር ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በዋጋ ግምገማ 3 በመቶ ልዩ አስተያየት ይደረጋል። እናንተ 515 ሺህ፣ ትልቁ ተወዳዳሪ 500 ሺህ ብር ቢያቀርብ የእናንተ ዋጋ ለማወዳደር ብቻ በ3 በመቶ ቀንሶ 499 ሺህ 550 ሆኖ ይታያል፤ ታሸንፋላችሁ፣ ውሉም በ515 ሺህ ይፈረማል። በተጨማሪም በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዋስትና ፈንታ ያደራጃችሁ አካል የሚጽፈውን የዋስትና ደብዳቤ ለጨረታ ማስከበሪያ፣ ለውል ማስከበሪያና ለቅድሚያ ክፍያ ማቅረብ ይቻላል። ደብዳቤው የጨረታውን ቁጥርና ስም ካልጠቀሰ ውድቅ ይሆናል፤ ካለፈው ጨረታ የተረፈ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ የተለመደ መውደቂያ ነው። የክልል መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ጨረታ በክልሉ መመሪያ ስለሚመራ የጨረታ ሰነዱን የአስተያየት አንቀጽ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ልዩ አስተያየቱ በቴክኒክ የወደቀን አያነሳም። የወንበሩ ቱቦ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ከተባለ 1.2 አቅርቦ በዋጋ መርታት የለም፤ ብትረቱም ርክክብ ላይ ይመለሳል።

ትልቁ አደጋ የክፍያ መዘግየት ነው። እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቅድሚያ ክፍያ ስለሚፈቀድ ጠይቁ፤ በከፊል ርክክብ ከፊል ክፍያ እንዲኖርም በውሉ ይግባ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና የመጨረሻውን ርክክብ ወደ ሰኔ አትግፉት፤ ሰነዱ በግንቦት ካልገባ ገንዘቡ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ሊሻገር ይችላል። በዚህ ረገድ የሌላ አገር ሕግ መጥቀስ እንወዳለን። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ ከአነስተኛ ድርጅት የገዛ ማንኛውም ገዥ፣ መንግሥትም ቢሆን፣ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ካለፈ ከማዕከላዊ ባንኩ ምጣኔ ሦስት እጥፍ ወለድ ይቆጠርበታል። እኛም ዘንድ 3 በመቶ የዋጋ አስተያየት አግኝቶ ስድስት ወር ሳይከፈለው ከሚቆይ፣ ያለ አስተያየት አሸንፎ በ30 ቀን የሚከፈለው ማኅበር ይሻለዋል። የክፍያ ቀን ገደብ ከማንኛውም አዲስ የብድር መርሐ ግብር በፊት መምጣት ነበረበት ብለን እናምናለን።

ድሬዳዋ የወረዳ ባለሙያ ነኝ። በየዓመቱ ብዙ ማኅበር እናደራጃለን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንፈልጋቸው ግን ብዙዎቹ የሉም። ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው ከአንድ ባለሙያ መምጣቱ ደስ ያሰኛል፤ መልሱንም በከፊል እርስዎ ያውቁታል። የወረዳ ሥራ የሚለካው በተደራጀው ማኅበርና በተፈጠረው የሥራ ዕድል ቁጥር ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቁጥር ለመሙላት የማይተዋወቁ ወጣቶች በአንድ ማኅበር ይገባሉ፤ ብድሩ ይመጣል፣ አንዳንዱም ቡድን ገንዘቡን ተካፍሎ ይበተናል። በ24ኛው ወር ማኅበሩ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሊጠየቅ ግን ይችላል፦ ንግድ ቢሮ የታደሰውን ፈቃድ ያውቃል፣ ገቢዎች ግብር ያሳወቀውን ያውቃል። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሁለቱን አገናኝቶ በ24ኛውና በ60ኛው ወር ስንቱ በሥራ ላይ እንዳለ ማውጣት አዲስ ጥናትም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። የወረዳው ውጤት ግማሹ በዚህ ቢለካ በሰኔ የሚደራጀው ማኅበር ሌላ ዓይነት ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር የሼዱ ነው። መሥሪያ ቦታ ለአምስት ዓመት ተሰጥቶ ለተተኪ እንዲለቀቅ ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው። ለቅቆ የሚወጣው ግን መሄጃ የለውም። ሦስት ፌዝ መብራት ያለው የኪራይ ቦታ ውድ ነው፣ መሬት ለማግኘት ረጅም ወረፋ አለ። ስለዚህ ማደጉን ይደብቃል፣ ወይም ሼዱን በሰው ስም ይዞ ይቆያል፣ አንዳንዱም ያከራየዋል። ቦታው ስለጠበበ ሁለተኛ ማሽን አይጨምርም፣ ሠራተኛም አይቀጥርም። ከማስለቀቅ ይልቅ ኪራዩን ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ገበያው ዋጋ እያስጠጉ መሄድ ይሻላል። የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል ራሱ ይለቃል፤ ከሚሰበሰበውም ተጨማሪ ሼድ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ትርጉሙ አርጅቷል። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ጥቃቅን የሚባለው እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ጠቅላላ ሀብቱ ከ100 ሺህ ብር ያልበለጠ፣ አነስተኛ የሚባለው ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሆነ ነበር። ዛሬ በአንድ ማሽን ብቻ የፊተኛው ጣሪያ ይታለፋል። በገንዘብ የተቀመጠ ድንበር በየጊዜው ካልታደሰ ድጋፍ የሚያስፈልገውን ሰው በወረቀት «አድጓል» ብሎ ያሰናብተዋል።

አራተኛው የገበያው ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ብሎኬት፣ በርና መስኮት ለሚሠሩ ብዙ ማኅበራት ሥራ ሰጥቷል። ገዥው አንድ ስለነበር ግንባታው በቀዘቀዘበት ሁሉም አብረው ቆሙ። በእርስዎ ደረጃ ዛሬ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ፦ አዲስ ማኅበር ሲያደራጁ በዚያው ወረዳ ስንት ተመሳሳይ ሠሪ እንዳለ ቁጠሩ፣ ከመንግሥት ሌላ ሦስት ገዥ በስም እንዲጠቅሱም ጠይቋቸው። መጥቀስ ያቃተው ቡድን ለብድር ገና አልደረሰም።

የመጀመሪያ ሠራተኛዬን በ6 ሺህ ብር ልቀጥር ነው። በእውነቱ ስንት ያስወጣኛል?

6 ሺህ 660 ብር። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ (660 ብር)፣ ሠራተኛው 7 በመቶ (420 ብር) ያዋጣሉ። በ2017ቱ ማሻሻያ የመጀመሪያው 2 ሺህ ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2 ሺህ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 2 ሺህ 20 በመቶ ስለሚከፈልበት ግብሩ 700 ብር ይሆናል። ሠራተኛው እጅ የሚገባው 4 ሺህ 880 ብር ነውና ሲስማሙ የተጣራ ወይስ ያልተጣራ እንደሆነ በግልጽ ይነጋገሩ፤ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሙከራ ጊዜው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ አሜሪካዊ ዜግነት ወስጃለሁ። ከእህቴ ጋር አዲስ አበባ የባልትና ድርጅት ብንከፍት እንደ ውጭ ባለሀብት እቆጠራለሁ?

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጡ፣ በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠርን መምረጥ ይችላሉ። ከውጭ ባለሀብት የሚጠየቀው የ200 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ያኔ አይመለከትዎትም። እህትዎ በርስዎ ስም እንዲፈርሙ ውክልናውን በዋሽንግተን ኤምባሲ አስፈርመው አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡት። ውክልናው ማኅበር ማቋቋምን፣ ባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስንና ብድር መውሰድን ለይቶ ይጥቀስ፤ የመጨረሻውን መስጠት ካልፈለጉ ለይተው ይተዉት። ገንዘቡን በባንክ ይላኩ እንጂ በእጅ አይስጡ፤ ካፒታል ያስገቡት እርስዎ መሆንዎን የሚያሳየው የባንክ ሰነዱ ነው። የአክሲዮን ድርሻውም በቤተሰብ መተማመን ሳይሆን በመመሥረቻ ጽሑፉ ይጻፍ።

ሱቄን ዘግቼ ፈቃዱን ሳላድስ ዓመት አለፈኝ። አሁን ሌላ ሥራ ልጀምር ስል የግብር ዕዳ አለብህ ተባልኩ። ያልሠራሁበትን እንዴት እከፍላለሁ?

ሱቁን ዘጉ እንጂ ፋይሉን አልዘጉም። የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ከዚያ ቅጣቱ እየጨመረ ይሄዳል። ፈቃዱ ካልተመለሰ ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት ሥራ ላይ እንዳሉ ቆጥሮ በግምት ሊወስንብዎ ይችላል። አሁን ሱቁ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ሰብስቡ፦ የተቋረጠ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቆጣሪ ንባብ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ካለ የመጨረሻው የሽያጭ ሪፖርት። በእነዚህ አስደግፈው ቅሬታዎን በውሳኔው ማስታወቂያ ላይ በተጻፈው ቀን ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቀኑ ካለፈ ጥሩ ማስረጃም አያድንም። ከዚያ በፊት ከገቢዎች ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለም የሚል ማረጋገጫ) ሳይዙ አዲስ ፈቃድ ለማውጣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።